ፓታያን በእህቴ እርምጃ

ታላቅ እህቴ ባንኮክ ላይ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ወደ አገር ከመግባታችን በፊት አንድ ቀጠሮ ብቻ ቀርቶናል። እሱም በአራት ቀን ተገፋ። ጊዜው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ባንኮክ ለሕክምና የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አማርኛ አይጠፋም። ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንድ እናት የቀጠሮውን ነገር ሲሰሙ፣ "ልጆቼ፣ እዚህ ግድግዳ ከምታዩ ሄዳችሁ ባሕር እዩ" አሉን።

ቅርቡ ባሕር ፓታያ ነው። ከባንኮክ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እህቴ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች። "የጭፈራ ከተማ አይደል እንዴ? በከዘራ ጭፈራ ቤት ልትወስጂኝ ነው?"

እኔም የማውቀው ያንኑ ነበር። ግን ሄድን።

ኤካማይ ከሚባለው መናኸሪያ አውቶቡስ ያዝን። ለአንድ ሰው ወደ 130 ባት ከፈልን፤ ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው። የፊት ወንበር ስለሰጡን እህቴ እግሯን ዘርግታ ሄደች። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። የባንኮክን ሁለት ኤርፖርቶች ከዩታፓኦ ኤርፖርት ጋር የሚያገናኝ፣ ፓታያ ላይ የሚቆም ፈጣን ባቡር ይሠራል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ውል ተፈርሟል። እኛ በሄድንበት ጊዜ ግን ባቡሩ ገና ወረቀት ላይ ነበር። አውቶቡሱ ግን በሰዓቱ ይነሳል፣ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ማንንም አይጎዳም። ለእኛ ይሄ በቂ ነበር።

ፓታያ መጀመሪያ ያስተማረችን ነገር ሶንግቴው አጠቃቀም ነው። ሶንግቴው ከኋላው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ሰማያዊ ፒክአፕ ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ መኪና የሚያስኬደው ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ ነው። ከሱ ጀርባ ያለው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይመልሳል። ሶንግቴዎቹ በዚህ ቀለበት ሲዞሩ ይውላሉ፣ ሲዞሩም ያመሻሉ። እጃችሁን ታነሳላችሁ፣ ትሳፈራላችሁ፣ መውረጃችሁ ሲደርስ ጣሪያው ላይ ያለውን ደወል ትጫናላችሁ። "ወራጅ አለ!" ማለት አያስፈልግም፣ ደወሉ ይላል። ወርዳችሁ በመስኮቱ በኩል ለሾፌሩ 10 ባት ትሰጣላችሁ። አለቀ።

እኛ ይህን አላወቅንም። መጀመሪያ ያገኘነውን ሾፌር "ስንት ነው?" ብለን ጠየቅነው። 200 ባት አለን። ለካ ዋጋ የጠየቀ ሰው ኮንትራት እንደያዘ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛው ላይ ዝም ብለን ወጣን። ወጣን ስል ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። መወጣጫው ከፍ ያለ ነው። ጉልበቱ ለታመመ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ማንም አላሰበለትም። የሆቴል ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴቶች ከውስጥ እጃቸውን ዘርግተው እህቴን በብብቷ አነሷት። አንዷ ከዘራዋን ተቀብላ እስክንወርድ ድረስ ጉልበቷ ላይ ይዛላት ሄደች። እነዚህ ሴቶች ወደ ማታ ሥራ እየገቡ ነበር። ያንን ከተማ ማታ ማታ የሚያቆሙት እንደነሱ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ባሕር ዳሩ ላይ ስንደርስ እህቴ መቀመጫ መቁጠር ጀመረች። አንዱ መቀመጫ ላይ ታርፋለች፣ ሌላው ድረስ ትሄዳለች። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው። ኮኮናት ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። ሲመሽ ደግሞ መብራቱ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን በደንብ እንዲያይ ያደርጋል። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በከዘራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያለ ፍርሃት ባሕር ዳር ስንሄድ ነበር። ስለ ምሽት ሕይወት ሲወራ ሙዚቃና መጠጥ ብቻ ነው የሚነሳው። እኔ ግን አንድ ከተማ ማታ ሕይወት አለው የምለው ሰው ቀስ ብሎ መሄድ ሲችልበት ነው። ያንን የሚያመጣው መብራቱ፣ መቀመጫውና የ10 ባቷ መኪና ነው።

አሸዋውም ራሱ የተሠራ ነው። ባሕሩ ለዓመታት ሲበላው ኖሮ የቀረው ቀጭን ነበር። ከኮሮና ጥቂት ቀደም ብሎ 2.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ከሌላ ቦታ አሸዋ አምጥተው እስከ 35 ሜትር ስፋት ድረስ መልሰው ሞሉት። ስትረግጡት አታውቁትም። እዚያ የሚሠሩት ግን ያውቁታል። ክረምት ሲገባና ዝናቡ ሲበረታ የከተማው ጎርፍ አሸዋውን እንደ ቦይ እየቆረጠ ባሕር ይገባል። ከተማው በሲሚንቶ ተሸፍኖ ውኃው መሄጃ አጥቷል። አሸዋ መሙላት አንድ ሥራ ነው፣ የውኃ መውረጃው ካልተስተካከለ ግን በየዓመቱ መልሶ መሙላት ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ያ አሸዋ ሲታጠብ መጀመሪያ የሚጎዱት ወንበር አከራዮቹ ናቸው።

ይህን የነገረችን አንዷ ወንበር አከራይ ናት። ሃምሳዎቹን ያለፈች ሴት ናት። "ፒ" እያልን ነበር የምንጠራት። ፒ በእነሱ ዘንድ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው የሚባል ነው፣ እንደ እኛ እትዬ በሉት። የመጣችው በሰሜን ምሥራቅ ካለው ኢሳን ከሚባለው የገበሬ አገር ነው። ፓታያ ውስጥ ከሚሠራው ሰው ብዙው ከዚያ ነው። የእህቴን ከዘራ ስታይ ሁለተኛ ወንበር አምጥታ እግሯን አሳረፈችላት። ለሁለተኛው ወንበር አላስከፈለችንም።

ምሳዋን ስትበላ ጠራችን። ከቀርከሃ በተሠራ ትንሽ መሶብ ውስጥ የሚጣበቅ ሩዝ አለ። ቆንጠር አድርጋ በሦስት ጣቷ ታድቦለቡለዋለች፣ ከቃሪያና ከጥሬ ፓፓያ ከተሠራው ሶምታም ታጠቅሳለች፣ ትጎርሳለች። እህቴ ሳቀች። "ይኸው እኛው ነን!" አለች። ጎርሰን አብረን በላን። ቃሪያው ያስለቅሳል።

በኮሮና ጊዜ ምን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅኳት። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፣ እጇ ግን ይናገራል። ጃንጥላ አጥፋ አሳየችኝ። ከዚያ ባዶውን ባሕር ዳር በእጇ ጠረገችው። መጀመሪያ ምግብ ለማግኘት ተሰልፋለች። በዚያን ጊዜ በየመንገዱ ትናንሽ ቁምሳጥኖች ቆመው ነበር፣ ያለው ሩዝና ዘይት ያስቀምጣል፣ የሌለው ይወስዳል። በኋላ ወደ እናቷ አገር ተመለሰች። "ሩዝ ነበረን፣ ብር አልነበረንም" አለች።

ቁጥሩ ይህን ያህል ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይላንድ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ እንግዳ ተቀበለች። በ2021 ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የምሽት ቤቶች እንዲከፈቱ በይፋ የተፈቀደው በጁን 2022 ነው። በ2024 እንግዳው ከ35 ሚሊዮን አልፏል። ፒ ግን አንድ ነገር ጨመረችበት። ቻይናዎቹ እንደ ድሮው አልመጡም። ሕንዶች ግን በዝተዋል። እውነትም ማታ በየመንገዱ የምንሰማው የሕንድ ሙዚቃ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ዎኪንግ ስትሪት ወደሚባለው የጭፈራ ቤቶች መንገድ ገባን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መኪና አይገባበትም። ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ሁሉ ኒዮን ነው። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። አጭር ቀሚስ የለበሱ ልጆች ሰሌዳ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሴተኛ አዳሪነት በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነው፣ እዚያ ግን ማንም አይደብቀውም። ከተማዋ በዚህ ስም መጠራት ከጀመረች ቆይታለች። የዓሣ አጥማጆች መንደር በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የአሜሪካ ወታደሮች ለእረፍት መጡባት፤ የቬትናም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ በዙ። ዛሬ ቤተሰብና ልጅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ትፈልጋለች፣ የድሮውንም ገቢ አትተውም።

ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ እንደ ፓታያ ባሉ ከተሞች የምሽት ቤቶች እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ እንዲሠሩ ተፈቅዷል። ድሮ 8 ሰዓት ላይ ነበር የሚዘጉት። ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን በር ላይ የቆመችውን ልጅ እግር አየሁ። ተረከዙ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን ሲሚንቶው ላይ ታዘረጋጋለች፣ ሰው ሲመጣ መልሳ ታጠልቃለች። ሁለት ሰዓት ተጨመረ ማለት ለእሷ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መቆም ነው። የቱሪዝም ማገገም ሲባል የልጅቷ እግርም አብሮ ይቆጠር። እህቴም አየቻት። "ይቺም እንደ እኔ መቀመጫ ትፈልጋለች" አለችኝ።

ከጎኑ ባሊ ሃይ የሚባለው ወደብ አለ። ከዚያ በ30 ባት ጀልባ ኮ ላርን የምትባል ደሴት ይኬዳል። እኛ አልሄድንም፣ ጀልባው ላይ መውጣቱ ለጉልበቷ ከበደ።

በመጨረሻው ቀን ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ወደ ባሕሩ ወረድን። ጠራጊዎቹ የሌሊቱን ጠርሙስ እየለቀሙ ነበር። ከሥራ የወጡ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መንገድ ዳር ትኩስ የሩዝ ሾርባ ይበላሉ። አንድ ሶንግቴው ቆመ። ሁለቱ ልጆች ተሳፍረው ሄዱ። ፒ ቀድማን ደርሳለች፣ ጃንጥላዎቿን አንድ በአንድ ትተክላለች።

እህቴ ከዘራዋን ሰጠችኝ። ሱሪዋን ሰብስባ ወደ ውኃው ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ እስከ ባቷ። ፒ ከሩቅ አይታ ጮኸች፣ እጇን እያወዛወዘች። እህቴ አልሰማቻትም። ውኃው ጠባሳው ጋ ሲደርስ ቆመችና፣ "ለብ ያለ ነው፣ ነይ ግቢ" አለችኝ።