ክረምት ላይ ከቱሉ ዲምቱ ወርጄ ዓሣ የማጠምደው እንዴት ነው

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ሐይቅ ይረሳል። ዳርቻው ጭቃ ነው፣ ሰማዩ ከቀትር በኋላ አይታመንም፣ ሽርሽር የለመደውም መስከረም እስኪጠባ ቤቱ ይከርማል። እኔ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ አብልጬ እወደዋለሁ። የሠርግ ቪዲዮ የሚያስቀርጽ የለም፣ ሙዚቃ የሚያስጮህ የለም፣ ጀልባ ቀዛፊዎቹም ሥራ ስለሚቀዘቅዝባቸው ዋጋ ላይ ብዙ አያስቸግሩም። ዓሣውም ከሚባለው በላይ አለ። ቦታ ይቀይራል እንጂ የትም አይሄድም፤ ክረምት ላይ የሚያጠምድ ሰው ሥራ እሱን ተከትሎ መቀየር ነው።

የምኖረው ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ሰፈር ሆኖ ዘንግ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አባ ሳሙኤልን ነው፤ ቅርብ ነዋ። የአቃቂን ወንዝ ለኤሌክትሪክ ሲገድቡት የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከከረመ በኋላ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። የአካባቢው ልጆች በሸንበቆ አምባዛ ሲያወጡበት አይቻለሁ። እኔ ግን ከዚያ ውኃ የወጣ ዓሣ ቤቴ አላስገባም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን እጣቢ፣ የጋራዡን ዘይት ጠራርገው የሚያራግፉት እዚያ ነው። ክረምት ላይ ውኃው በዝቶ ሽታው ሲቀንስ «አሁንስ ጠራ» የሚል አይጠፋም። በጋውን ሙሉ ወንዙ ዳር የተከማቸው ቆሻሻ የሚታጠበው ግን በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ከሥር፣ ከጭቃው የሚለቅም ዓሣ ነው። እንቦጩም ጀልባ አያስኬድም። ገፈርሳና ለገዳዲ በበኩላቸው የከተማው የመጠጥ ውኃ ናቸው፤ እነሱን መተው ነው።

ስለዚህ ወደ ቢሾፍቱ እወርዳለሁ። እዚያ ያሉት ትልልቆቹ ሐይቆች ገባር ወንዝ የላቸውም፤ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ውኃዎች ናቸው። ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይደርሳል፣ ሆራ 38። ውኃቸው ሶዳ ሶዳ ይላል። አረንጓዴ ሐይቅ የሚባለውማ ሶዳው ስለበረታበት ጭራሽ ዓሣ አያኖርም፤ ያንን ቀለም የሰጠው ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ነው፣ ፍላሚንጎ ይመጣለታል እንጂ አጥማጅ አይመጣለትም። ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ዓሣ ማጥመድ የሚያምረን በዚህች ጨው እንወጣዋለን ብዬ ስቀልድ፣ የባቦጋያው ቀዛፊ ልጅ «ጋሼ፣ ምፅዋ ያሉ መሰልዎት እንዴ?» ይለኛል።

ጀልባ የሚከራይ ሰው ሁሉ የሚለው «መሀል ውሰደኝ» ነው። ትልቅ ዓሣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ነው የሚል እምነት አለን። እነዚህ ሐይቆች ላይ ግን አይሠራም። ጉድጓዱ ገደላማ ነው፣ አፋፉም ነፋሱን ይከልላል፤ ስለዚህ ውኃው ከላይ እስከ ታች እንደልቡ አይደባለቅም። ሞቅ ያለው ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከሥር ተደራርበው ይኖራሉ፣ ታች ደግሞ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ኦክስጅን ከሌለ ዓሣ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ይወርድና የታችኛውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ አንዳንድ ዓመት ዓሣው በጅምላ ሞቶ ዳርቻውን የሚሞላው ያኔ ነው፣ ሰዉም መርዝ ተደፋ ብሎ ይደናገጣል። እንግዲህ መሀል ላይ ሆኖ ከሥር ድረስ የእርሳስ ማስመጫ የሚያወርድ ሰው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ እያጠመደ ነው።

ታዲያ ጀልባው ለምን አስፈለገ? ለዳሩ። የባቦጋያን ዙሪያ ብዙውን ሪዞርትና የግል ግቢ አጥሮታል፤ በእግር የሚደረስበት ትንሽ ነው። እኔ የምከራየው ከውኃው በኩል ሆኜ ወደ ዳር ለመወርወር ነው። ይህን መጀመሪያ ስነግረው ቀዛፊው ገንዘቡን የሚያባክን ሰው ያገኘ መስሎት በአዘኔታ አየኝ፤ አሁን እሱ ራሱ ለሌሎች ደንበኞች ይነግራል።

ዝናብ ባደረ ማግስት የማደርገው እንዲህ ነው። ክር ሳልወረውር ዳሩን ይዘን እንዞራለን። ከአፋፉ ጎርፍ የወረደባቸው ቦዮች ሐይቁ ውስጥ ቡናማ ውኃ ይለቃሉ፤ ቡናማውና አረንጓዴው የሚለያዩበት መስመር በዓይን ይታያል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ አረንጓዴው ጎን ይቆማል፤ ጎርፉ ይዞት የመጣውን ትልና ነፍሳት ይጠብቃል፣ ጭቃው ውስጥ ግን መግባት አይወድም። አምባዛ ተቃራኒው ነው። ከዓይኑ ይልቅ ጢሙን ስለሚያምን ድፍርሱ ውስጥ ገብቶ ይለቅማል። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ግራ ስወረውር አንዱን፣ ወደ ቀኝ ስወረውር ሌላውን የማገኝበት ቀን አለ። ቀዛፊው ጀልባውን ከዳር ሃያ ሜትር ያህል አርቆ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ይጥልና ያቆመዋል። ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው እንጂ ቧ አድርጎ መጣል አይደለም፤ ግማሹ ዓሣ የሚሸሸው በዚያ ድምፅ ነው። ዝናቡ ሲያቋርጥ ደለሉ ይረጋል፣ መስመሩም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ወደ ቄጠማው ሥር መመለስ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ የምለው የለኝም። ከውጭ በመጣ ውድ ዘንግ ከሚያጠምደው ይልቅ ሸንበቆ የያዘው ልጅ ብዙ ሲያወጣ ሁልጊዜ አያለሁ። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ ነው የምጠቀመው፣ 8 ወይም 10 ቁጥር፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ በሉ፣ ሻጮቹም ይምታታባቸዋል። ቀጭን ክርና ቡሽ ይጨመርበታል። ማባበያው የስንዴ ሊጥ ሲሆን ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ወቅጬ አብሬ አሸዋለሁ፤ ሽታው ይጣራል፣ ሊጡም ቶሎ አይሟሟም። ከዚያው ፋጉሎ ጭብጥ ጭብጥ እያደረግሁ መጀመሪያ ውኃው ላይ እበትናለሁ። ትል ክረምት ላይ በነፃ ነው፤ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ማንሳት ብቻ ነው። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ ትልቅ መንጠቆ፣ ወፍራም ክርና እርሳስ። ቆሮሶ ቆንጠር ቆንጠር ያደርጋል፤ ቡሹ ዘንበል ብሎ ሲሄድ ማንሳት ነው። አምባዛ ግን ይዞ እስኪጓዝ መታገሥ ይፈልጋል። ሲወጣም ከጎን ክንፉ ሥር ያለችውን እሾህ ተጠንቀቁ፤ የወጋችው እጅ ቀኑን ሙሉ ያማል። ከውኃ ውጭም አየር ስለሚተነፍስ ሞተ ብለው የተዉት አምባዛ ከብዙ ሰዓት በኋላ ከቅርጫት ዘሎ ይወጣል።

ሰዓትን በተመለከተ፣ በበጋ ንጋት ላይ ነው የምጀምረው። ክረምት ላይ ግን የሌሊቱ ዝናብ የላዩን ውኃ ስላቀዘቀዘው ማለዳ ዓሣው ደንዝዞ ነው የሚውለው። ደመናው ሳስቶ ትንሽ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚበላው። ከ7 ሰዓት በኋላ ሰማዩን እያየሁ ነው የምቆየው። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ሩቅ ቢሆንም፣ እንወጣለን። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ሐይቅ መሀል ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር እናንተና ዘንጋችሁ ናችሁ፤ አሁን የሚሸጡት የካርቦን ዘንጎች ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ሳልሳፈር በፊት ከቀዛፊው ጋር የምስማማው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ዝናብ ሲያስወጣን መጠለያ ሥር የቆየንበት ሰዓት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ሁለተኛ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ ወይ። የሌለው ጀልባ ላይ አልወጣም። ከዚያ በፊትም ማጥመድ የሚፈቀድበትን ቦታ እዚያው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነገሩን ያቀላል። የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315/1995፤ ሐይቁ ዳር ያለ ጥበቃ ጥያቄ ሲያነሣ ተሟልቶ መገኘት ይሻላል።

ክረምት ለቆሮሶ የመራቢያ ጊዜም ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ጠርጎ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሉን እዚያ ትጥልና በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች፤ ጫጩቶቹም ከዚያው አፍ ውስጥ ነው የሚያድጉት። አፏ ሙሉ እያለ አትበላም፤ ስለዚህ በመንጠቆ ብዙም አትያዝም፣ መረብ ግን አይምራትም። አንዳንዴ ስናወጣት አፏ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ይታያል። እሷን ሳንነካካ መመለስ ነው። ዳሩ ላይ ክብ ክብ ጎጆ ያየሁበትን ቦታም አልፌው እሄዳለሁ፤ ቀዛፊው ግን «ቀላሉ እዚህ ነበር» ብሎ ያጉረመርማል።

ቆቃ ሌላ ዓለም ነው። በሞጆ በኩል ትንሽ ራቅ ይላል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 አዋሽን ገድበው የሠሩት። እዚያ ክረምቱን የሚያዛው ወንዙ ነው። አዋሽ የደጋውን አፈር ይዞ ስለሚመጣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ በዚያ ድፍርስ ውስጥ ቆሮሶን በቡሽ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። አምባዛና ካርፕ ግን ይነሣሉ። ውኃው ከፍ ሲል ዳር ያለውን ሣር ያጥለቀልቀዋል፣ አምባዛም ሊራባ ወደዚያው ሣር ይገባል፤ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ጀርባው ሲታይ ማመን ያቅታል። ጀልባው የአሣ አስጋሪዎች የእንጨት ጀልባ ነው፤ ለሽርሽር አልተሠራም። መረባቸውን ከሚጥሉት ጋር ተነጋግሮ አብሮ መውጣት ይቻላል፣ ይሻላልም፤ ጉማሬው የት እንደሚውል፣ አዞው የት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እንቦጭ እንደ ፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ የሚታወቅበት ሐይቅ ነው። ነፋስ ሲዞር ያ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመጣና መውጫውን ይዘጋል፤ ስለዚህ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ ቄጠማ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የወባ አገር በመሆኑም ጀንበር ሳትጠልቅ ወጥቼ መንገድ እገባለሁ።

የተገኘውን እዚያው ሆዱን ከፍቼ፣ አጥቤ፣ በረዶ ላይ አደርጋለሁ። የቢሾፍቱ ዓሣ አንዳንዴ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ከውኃው አልጌ የሚመጣ ጣዕም ነው፣ ሎሚና ጨው ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይቀንሳል። ጥሬውን በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበሉ አሉ፤ እኔ አልደፍረውም፣ የሐይቅ ቆሮሶ ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትል ሊኖረው ይችላል። በደንብ የተጠበሰ ግን ስጋት የለውም። ፍልሰታ ላይ የሰፈሩ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ይደውልልኛል፤ ሥጋ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የዓሣ ዋጋ ይሰቀላልና። እናቴ ዓሣም ቢሆን ጾም ላይ አትቀምስም፤ ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ደግሞ «ዓሣ የጾም ነው» ብለው ሳህን ይዘው ደጃፌ ይቆማሉ። ሁለቱን ለማከራከር አልሞክርም። አምባዛውን ለእትዬ እሰጣለሁ፣ ቆሮሶውን ለፍስክ በረዶ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

መስከረም ሲጋመስ ከቢሾፍቱ እሰናበታለሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ሐይቁ ዳር ዘንግ ይዞ መቆም ደስ አይለኝም፣ ቦታው የምስጋና ቦታ ነው። ጥቅምት ላይ አዋሽ መጥራት ሲጀምር ወደ መልካ ቁንጡሬ እዞራለሁ፤ በዝናቡ ሽቅብ ወጥቶ የነበረው ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ያኔ ቁልቁል እየተመለሰ ነው። እዚያ ጀልባ አያስፈልግም፤ ቦት ጫማና አንድ ዘንግ ይበቃል።