የዲ4ቱ ካምቢዮ

ሰሞኑን እጄ ዘይት ዘይት መሽተቱን አልተው ብሏል። ጣና ዳር ጀልባ የሚጠግን አንድ ሰውዬ አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተሩ እምቢ ቢለው ጋሼንና እኔን ጠራን። ካተርፒላር ዲ4 ነው። የሴሪ ቁጥሩ በ7ዩ ይጀምራል። ስለዚህ ከ1947 እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ማለት ነው። አምስት የፊት፣ አንድ የኋላ ማርሽ አለው። በአምስተኛው እንኳ በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

እዚህ ሥራው ማረስ አይደለም። የብረት ጀልባ ከውሃ እየጎተተ ያወጣል። ዳር ዳሩን ያለው ጥቁር ጭቃ ባለጎማውን ሁሉ ይውጣል፤ እሱ ግን ክብደቱን ሰንሰለቱ ላይ ዘርግቶ ያልፋል። (ባለደንገል ታንኳው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አውጥቶ ያቆማታል፣ ትደርቃለች፣ አለቀ።)

ችግሩ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበር። ይገባል፣ ጭነት ሲሰማው ይወጣል። ኋላ ላይ ጭራሽ መግባቱን ተወ። ባለቤቱ "ፍሪሲዮን ነው" ብሎ ደምድሟል። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ከሥር ገቡና የካምቢዮውን ማፍሰሻ ብሎን ፈቱ። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነው። ቀጥሎ ማኪያቶ የመሰለ ነገር መጣ። ዘይቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ታች ያሉት ማርሾችና ኩሽኔታዎች ስንት ክረምት እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፈው እንደኖሩ እንጃ። መግቢያውም ተገኘ። የማርሽ ዘንጉ ግርጌ ላይ ያለው ላስቲክ ተቀዷል።

ትራክተሩ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል። እንደኔ እንደኔ ከሥራው ይልቅ መቆሙ ነው የጎዳው።

ሾፌሮቹም አላዘኑለትም። ይህ ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር የሚባል፣ ማርሾቹ ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ነገር የለውም። ጥርስ በቀጥታ ከጥርስ ጋር ይገናኛል። ባለሰንሰለት ደግሞ ኃይሉ ሲቋረጥ እንደ መኪና አይንከባለልም፣ ወዲያው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ቆመህ ማርሽ ትመርጣለህ፣ ከዚያ ትነሳለህ። አይሱዙ የለመደ ሰው ግን እየሄደ ልቀይር ይላል። ክዳኑን አንስተን ስናይ የሦስተኛው ጥርሶች ጫፋቸው ተሸራርፏል፤ ሁለቱ ከወገባቸው ተሰብረዋል።

"በብየዳ ሙሉትና ሞርዱት" አለ ባለቤቱ። ርካሽ ነው፣ በቀን ያልቃል። እኔ ግን የተበየደ ጥርስ አላምንም። የማርሽ ጥርስ ላዩ እንዲጠነክር፣ ውስጡ እንዳይሰበር ተብሎ በእሳት የታከመ ብረት ነው። የብየዳው ሙቀት ያንን ያበላሸዋል። አንድ ቀን ከሥሩ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ ደህናዎቹን ይዞ ነው። ጋሼም ከእኔ ጋር ቆሙ።

አዲስ ለማስቆረጥ ማርሹን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። የቶርኖው ልጅ ለካና "5 ሞጁል ነው" አለ፤ ሞጁል የጥርስ መጠን መለኪያ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቸኮለ እንጂ። ጥርሶቹ 23 ናቸው። የውጭ ዲያሜትሩ 127 ሚሊ ሜትር መጣ። በጥርሱ ብዛት ላይ ሁለት ደምረህ 127ን ለ25 ስታካፍለው 5.08 ይሆናል። 5 ሞጁል ቢሆን ኖሮ 125 ነበር የሚመጣው። ማሽኑ የኢንች አገር ልጅ ነዋ! አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ5 አካፍሉት፣ ያው 5.08 ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ግን ማርሾቹን የተሸከሙት የሁለቱ ዘንጎች ርቀት በካምቢዮው ቀፎ የተወሰነ ነው፤ አይጠብም፣ አይሰፋም። በ5 ሞጁል የተቆረጠ ማርሽ ከአሮጌው ጓደኛው ጋር እየጮኸ ይበላላል።

በኢንች የሚቆርጥ መቁረጫ ደግሞ ቤቱ የለም። ካልተበሉት ጥርሶች መሃል የክፍተቱን ቅርጽ ወሰድንና አንድ መቁረጫ ብረት በዚያው ልክ ሞረድን። ዙሪያውን ለጥርሶቹ እኩል የሚከፍለው ማከፋፈያ፣ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ማርሹን አንዴ ያዞራል። ለ23 ጥርስ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ዙርና በማከፋፈያው ሳህን ላይ ከ23 ቀዳዳ 17 ይደርሳል። ልጁ ቀዳዳ ሲቆጥር ስልኩን አጠፋ። ባለቤቱን ሳይቀር "ውጡልኝ" አለው። ከዚያ የጥርሶቹን ጫፍ አዶለዶለ፣ ሲገቡ እንዳይጋጩ። ማጠንከሩን ጋሼ ያዙት። ማርሹን ከከሰል ዱቄት ጋር በብረት ሳጥን አሽገው 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሰዓታት አቆዩት፤ በኋላ አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት።

ኩሽኔታዎቹ አላስቸገሩም። ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ስላለ ከአዲስ አበባ ተገዝተው መጡ።

ገጠምነው። ሦስተኛው ገባ፣ ጀልባም ጎተተ። አራተኛው ዝገት ስለበላው ትንሽ ያጉረመርማል። "ያጉረምርም" አሉ ጋሼ። የማርሽ ዘንጉን ግርጌ በካላማዳሪያ ሸፍነን በሽቦ አሰርነው። የመጀመሪያው ዘይት ብናኝ ብረት ስለሚያጥብ ቶሎ መቀየር እንዳለበት ነገርነው። ባለቤቱ የዘይቱን ዋጋ ሲሰማ፦ "ውሃው እንኳ በነፃ ነበር" አለ። ሳቅን። ወደ ሂሳቡ ስንመጣ ግን ሳቁ አልቆየም።