ሁለት መስመር

ትናንት ቅዳሜ ከቀበሌው አዳራሽ ኋላ ረድፍ ተቀምጬ፣ ዝም ብዬ ሰምቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ሰብሳቢው «ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን አንድ ሰው እንፈልጋለን» ሲል ከጎረቤቶቼ አንዷ «ቲቸር አለች አይደል? ጽሕፈቷ ደግሞ ያምራል» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ነው፤ አመለጠኝ። ከመድረኩ ሥር ካለችው ጠረጴዛ አስቀመጡኝና እስክሪብቶና ቅጽ ሰጡኝ።

ወደ ቅጹ እመለሳለሁ። እሁድ ማታ የፈተና ወረቀት ማረሙን ትቼ ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

የተጠራነው በከተማችን በሐዋሳ የቀጣይ 10 ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ረቂቅ ላይ እንድንወያይ ነው። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ፣ ቁጥር 574፣ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል፤ ስለዚህ ጥሪው ውለታ አይደለም። ይህን የማውቀው አዋጅ ማንበብ ስለምወድ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ በጀርባ በኩል ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች መንገድ ይነካቸው ይሆን ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ስጎረጉር ስለከረምኩ ነው። ቦታውን አባቴ በደርግ ጊዜ በማኅበር ተመርቶ፣ ክፍሎቹን ቆይቶ በራሱ እጅ የሠራቸው ናቸው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እናስቀባቸዋለን፤ ኪራያቸው ደግሞ የአስተማሪ ደሞዝ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። እንግዲህ የሄድኩት ለከተማዋ ተጨንቄ ነው ብል ውሸት ነው።

ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የታሸገ ውሃ ታደለ። ከክፍለ ከተማ የመጣው ባለሙያ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ፕሮጀክተሩን እያስተካከለ «አሁን ካርታውን አብረን እናያለን» ሲል ከፊት የተቀመጡ አንዲት እማማ ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የቤታቸውን ካርታ። «ይኸው የኔ። ሕጋዊ ነው፣ ማኅተምም አለው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔም ቀስ ብዬ ቦርሳዬን ነካሁ፣ የኛም ኮፒ እዚያ ውስጥ ነበርና። እኛ ዘንድ ካርታ ማለት ቤትህ ያንተ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ነው። የምድሩ ሥዕል ሁለተኛው ትርጉሙ ነው።

ልጁ ታግሦ አስረዳ። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሆናል፤ አገር አቀፍ መርሁ ይኸው ነው አለ። እማማ እጃቸውን ሳያወጡ «የኔ ቤት ከየትኛው ሠላሳ ናት?» አሉት። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። «እማማ፣ ዝርዝሩ በአካባቢ ልማት ፕላን ነው የሚታየው» ብሎ መለሰ። ትክክል ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ግን ፌስታሉን ቋጥረው ሲያስቀምጡ ያየ ሰው መልሱ እንዳልገባቸው አይጠፋውም።

ካርታው ላይ እኛ የምንጠራቸው ስሞች የሉም። ሰው ሰፈሩን የሚያገኘው ከገብርኤል ተነሥቶ ነው፤ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ አሮጌው ገበያ፣ እንዲህ እያለ በጣቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዎች ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ቤታቸውን ለመፈለግ ሲጠጉ የራሳቸው ጥላ ከተማዋ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ሲሉ አላሙራ ተራራ ይጠፋል፣ ቀና ሲሉ ሐይቁ ይጠፋል። ልጁ «እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ» እያለ ይለምናል።

እኔ ደግሞ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ዓይኔ ኮንቱር ፈለገ። የለም። ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ አንድ መስመር የለውም፤ ቀለም ብቻ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማሰለቻቸው በዚሁ ነው። ሐይቃችን ዋነኛ ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሳሕን በሉት እላቸዋለሁ። ከአላሙራ የወረደው፣ ከየዲቹ የወጣው፣ አፈሩም ፌስታሉም መጨረሻው እዚያው ነው። በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ እንኳ ድሮ ሐይቅ ነበረ፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ጊዜ የሣልኩ ሴት ትናንት ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አይቼ «ዳገቱስ?» አላልኩም። ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም ብዬ ነው። ወይም ደግሞ ሰርቪሶቹ ቢጫው ውስጥ መሆናቸውን አይቼ ልቤ አርፎ ስለነበረ።

አስተያየት ተጀመረ። ዲች፣ የመንገድ መብራት፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ውሃ፣ ጭለማ ተገን አድርገው ስልክ የሚነጥቁ ልጆች፤ ስለ 10 ዓመት የተጠየቀ ሰው ስለዚህ ሳምንት ይናገራል። አይፈረድበትም።

አንዲት ልጅ ግን ተነሥታ «እኔ የአከራዬ ተወካይ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ የራሴን መጠየቅ እችላለሁ?» አለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምትሠራው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ እንደሷ ያሉ ልጆች ስንትና ስንት ሆነው መጥተዋል፤ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተጋሩ ይኖራሉ። «በሁለት ዓመት አራት ቤት ቀይሬአለሁ። እዚህ ካርታ ላይ እኔ የቱ ቀለም ነኝ?» አለች። የኔም ተከራዮች እንዲህ ዓይነት ልጆች ናቸው። አንገቴን ደፍቼ «የመኖሪያ ቤት አቅርቦት እንዲታሰብበት ተጠይቋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ አባባ ተነሡ።

አባባ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር የ11 ዓመት እረኛ ነበርኩ ይላሉ። ያኔ የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበር፤ እዚህ አዳሬ ይባል ነበር፣ ከብት የሚግጥበት፣ ሣሩ እስከ ጉልበት። አማርኛቸው ከሲዳሙ አፎ ጋር እየተቀላቀለ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እያስኬዱ፣ ከአላሙራ ግርጌ የሚነሣ የክረምት ውሃ በየት በየት አድርጎ ወደ ሐይቁ ይሄድ እንደነበረ ተናገሩ። ዋርካው ጋ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀጥላል። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ያለበት ጋ ሰፍቶ ይተኛል፣ ጥጆች የሚሻገሩት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ። ለውሃው ስም ነበረው፤ ጠሩት፤ እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅኩ ዘለልኩት። ከዘራው ሲጠማዘዝ የምከተለው በዓይኔ እንጂ በእስክሪብቶዬ አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ፤ 11 ደቂቃ ተናግረዋል። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። ሰብሳቢው በአክብሮት «አባባ፣ ሐሳብዎ ተይዟል፤ ለሌሎችም ዕድል እንስጥ» አላቸው።

ተይዟል ሲል ወደኔ አየ። አባባም አዩኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

የያዝኩት ይኸ ነው፤ በስልኬ አንሥቼዋለሁና እገለብጠዋለሁ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው። ተራ ቁጥር 14። የተነሣው ሐሳብ፦ «በአካባቢው ያለው የጎርፍ ችግር በፕላኑ ትኩረት እንዲሰጠው ተጠይቋል።» የተሰጠው ምላሽ፦ «እንደ ግብዓት ተወስዷል።» ሣጥኗ የምትይዘው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱንም በሚያምር ጽሕፈት ሞላኋቸው። አሥራ አንዱን ደቂቃ ባጠፋው ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር፣ ባዶው ሣጥን «እዚህ ምን ነበር?» ያስብል ነበር። እኔ ግን የማንኛውንም ከተማ የማንኛውንም ሰፈር ጎርፍ ጻፍኩበት። ይህ ዓረፍተ ነገር ድሬዳዋ ላይ ቢነበብ ያስኬዳል።

ሌሊቱን ተገላብጬ አደርኩ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ቤት ሄድኩ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ነበሩ። «ትናንት በደንብ አልጻፍኩልዎትም» አልኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን «ልጄ፣ እኔም እኮ በአፍ የሚሄድ ነገር አይደለም ያወራሁት። በእግር ነው የሚሄደው» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። የተማሪ ደብተር ይዤ ተከተልኳቸው።

ዋርካው ተቆርጧል፤ ጉቶው ላይ አንዲት ሴት ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድራበታለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ኮብልስቶኑ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ የኮንትራክተር ስርቆት ይመስለኝ ነበር፣ በሆዴ የሰደብኩት ሰው ይቅር ይበለኝ። አባባ በዱላቸው ጠቆም አድርገው «እዚህ ይተኛል ብዬሽ የለ» አሉ። የውሃውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፣ ሦስት ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት፤ በሦስተኛው ሳቁብኝ። የልጅ ልጃቸው ሲዳሙ አፎ በትምህርት ቤት ስለተማረ እሱ ያርመዋል ተባብለን ተውነው።

ቀጥሎ ያለው መንገድ ግቢ ውስጥ ይገባል። አንኳኳን። የከፈተችልን እትዬ ምን እንደፈለግን ስነግራት አልገረማትም። «አዎ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው የሚያልፈው። ነሐሴ ሲገባ ሶፋውን በጡብ ከፍ እናደርጋለን» አለችና የሶፋውን እግር አሳየችን፤ እንጨቱ ላይ የውሃው ልክ ቀለበት ሠርቷል። ይህች ሴት ትናንት አዳራሽ ነበረች? ነበረች። የተናገረችው ስለ መንገድ መብራት ነው። ለምን ይህን አላልሽም ስላት «እሱማ የኛ ችግር ነው፣ የከተማ ነገር መቼ ሆነና» አለችኝ።

እንግባና ቡና ጠጡ አለችን፤ ጠጣን። ከዚያ ስንወጣ አባባ ፈጠን ብለው ሄዱ፣ አንድ ጥግ ላይ ቆሙና በከዘራቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነኩ። «እዚህ ጋ ይታጠፋል። ከዚህ ወዲያ ሸንበቆ ነበረ። የማን ግቢ ነው?»

በጀርባ በኩል መጥቼ ስለማላውቅ ለአፍታ አልለየሁትም ነበር።

«የኛ ነው አባባ።»

«ግድግዳው ይረጥባል?»

ይረጥባል። ልጆቹ በየክረምቱ ይነግሩኛል፣ አንዷማ ፍራሿን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ አይቻለሁ። እኔ መስከረም ሲጠባ ቀለም ቀቢ እጠራለሁ። አባባ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ከዘራቸውን አንሥተው ከአጥራችን ማዶ ወዳለው ቁልቁለት፣ ወደ ሐይቁ ጠቁመው «ከዚያማ ቀጥ ነው» አሉ።

አሁን ደብተሩ ፊቴ ነው። ከአላሙራ ግርጌ ጀምሬ እስከ ሐይቁ ሥዬዋለሁ፣ ኮንቱሩን በግምት ጨምሬበት፤ ጉቶው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ባለ ሶፋዋ ቤት፣ ሁሉም በየስማቸው። ነገ ከሁለተኛው ፔሬድ በኋላ ክፍት ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ከመላኩ በፊት አባሪ አድርጌ አያይዘዋለሁ፣ የስብሰባው ጸሐፊ እንደመሆኔ ይፈቀድልኛል ብዬ አስባለሁ። ውሃው በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቢቀባ ሰርቪሶቹ ምን እንደሚሆኑ፣ ካሳ ይሁን ምትክ፣ ወይስ ካርታው ላይ ስለሌሉ ምንም፣ ዛሬ ማታ አላሰላሁትም። የአባቴ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደዚያ በኩል አላየሁም።

ሁሉንም በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የሣልኩት። የኛን ግቢ ብቻ በእርሳስ።