በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ የከረምኩበት ዓመት

ቤይሩት 10 ዓመት ሠርቻለሁ። በ2002 ሄጄ በ2013 መጀመሪያ ተመለስኩ። ለመመለስ የምታስቡ እህቶቼ፣ እንዴት እንዳደረግኩትና የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

ደመወዜ በወር 150 ዶላር ነበር። የሊባኖስ ሊራ ሲወድቅ ማዳሜ ዶላር የለም ብላ በሊራ ትከፍለኝ ጀመር። ለዓመታት 1 ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2012 ክረምት ግን ጥቁር ገበያው 7,000ን አልፎ ሄደ። ከዚያ ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። ወደቡ አቅራቢያ ያለው አሽረፊየህ ሰፈር ነበርኩ። የሳሎኑ መስታወት በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፣ ያን ማታ እሱን ስጠርግ ነው በቃኝ ያልኩት።

ብሩን የምልከው በወንድሜ ስም ነበር። አልበላብኝም። ታናናሾቼ ተምረውበታል፣ በሬ ተገዝቶበታል፣ አባቴ ታክሞበታል። ስመጣ ግን የኔ የምለው በቦርሳዬ የያዝኩት ብቻ ሆነ። እባካችሁ፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ በራሳችሁ ስም ባንክ አስገቡ።

የባሰው ስህተቴ ጥድፊያው ነው። «አረብ አገር ከርማ ባዶ እጇን መጣች» እንዳልባል ብዬ በገባሁ በወሩ ደብረ ብርሃን ሱቅ ተከራይቼ የሴት ልብስ አስገባሁ፤ ገበያውን አላውቀው፣ በዱቤ የወሰደው ሁሉ ጠፋብኝ፣ ኪራዩ በአራት ወር አራቆተኝ። ዛሬ ቢሆን ዓመት ሙሉ ብሬን አልነካም።

ከዚያ መንዝ፣ እናቴ ጋ ገባሁ። ጣርማ በር ላይ ስንታጠፍ ብርዱ አጥንቴን ሲነካኝ ደርሻለሁ አልኩ። አልደረስኩም። እናቴ ባናውን ለኔ አልብሳ እሷ በጋቢ ትተኛለች። ውሃ ልቅዳ ስል «ተይ ልጄ፣ ደክሞሻል» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሌሊት አለቅስ ነበር።

የበጎቹ ነገር ነው ያቀራረበን። በተረፈችኝ ብር ስድስት እናት በግ ልግዛ ብዬ እናቴን ገበያ ይዣት ሄድኩ። እኔ የማየው ጸጉሩን ነው። እሷ የበጓን ከንፈር ገልጣ ጥርሷን ታያለች፣ ላቷን በመዳፏ መዘን ታደርጋለች፣ ጡቷን ትዳስሳለች፣ ከዚያ ራሷን ነቅንቃ ወደሚቀጥለው። ስድስት ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከማግስቱ ጀምሮ ከሷ ቀድሜ እየተነሳሁ በረቱን እጠርግ ጀመር፣ ፈቃድ መጠየቅም ተውኩ።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት፣ ሰማዩ ጠቁሮ እኔ ደጅ ቆሜ ሳይ፣ «ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ኩበቱን አታስገቢም!» ብላ ጮኸችብኝ።

10 ዓመት ሲጮህብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀኑ ጩኸት ግን ልቤን አሞቀው። ነጠላዬን ዘርግቼ እየሮጥኩ አጋዝኩ። ግማሹን ሳልጨርስ ዝናቡ ደረሰ፣ እሷም ወጥታ በቀሚሷ ታቅፋ እያጋዘች፣ ቀርፋፋ እያለች ትሰድበኝ ነበር።