ሲሶና እርቦ

ኅዳር፣ ሐሙስ ማታ። ሐይቅ አካባቢ።

ዛሬ ከክፍል የወጣሁት ድምፄ ተዘግቶ ነው፤ ግን ደስ ብሎኛል። ሳልተኛ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። አራተኛ ክፍሎች ክፍልፋይ ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር። ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጻፍኩና «የቱ ይበልጣል?» አልኳቸው። ከግማሽ የሚበዙት ለ1/4 እጃቸውን አወጡ። አንዷን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ» አለች፣ በሙሉ ልብ። እኔ ደግሞ ክቡን ሥዬ፣ ከፋፍዬ፣ አጥቁሬ አሳይቻቸዋለሁ ባይ ነበርኩ። ላዕልና ታህት ምን እንደሆኑ በቃላቸው ይወጡታል፤ ቄስ ትምህርት ቤት የዋሉትማ ላይና ታች ማለት መሆኑን ለሌሎቹ ያስረዳሉ። ደብተራቸው በራይት ተሞልቷል። ያ ሁሉ ራይት ምንም እንዳልነገረኝ የገባኝ ሰኞ ነው። ልጆቹ የሚያዩት ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮችን እንጂ አንድ መጠን አይደለም።

ወደ ቤት ስመለስ የአንዱን ተማሪዬን አያት አውድማ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጤፉ ታጭዶ እየተከመረ ነው። «ዘንድሮ መሬቴን ለእኩል ነው የሰጠሁት፤ ጉልበቱ ከየት ይምጣ» አሉኝ። ከዚያ ወሬው ወደ ድሮ ሄደ፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ በጭሰኛው ዘመን፣ እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ ይባል እንደነበር። «እርቦ ይሻል ነበር መምህር። ከአራት ቁና አንዱን ለባለመሬቱ ሰጥተህ ሦስቱን ለልጆችህ ታስገባለህ። ሲሶ ግን ከሦስቱ አንዱ ሄደ።»

የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። ዞር ብዬ «ሲሶና እርቦ የቱ ይበልጣል?» አልኩት። «ሲሶ ነዋ!» አለ፣ እንኳን ሊያስብ ጥያቄውንም ሳያስጨርሰኝ። ጠዋት ለ1/4 እጃቸውን ካወጡት አንዱ እሱ ነው።

ሌሊቱን ይሄ ነገር አላስተኛኝም። እነዚህ ልጆች ሩብ ኪሎ ቡና ሊገዙ ይላካሉ፤ ሰዓት ሲጠየቁ «ለአምስት ሩብ ጉዳይ» ብለው ይመልሳሉ፤ አንድ እንጀራ ለአራት ሲጎረስ የማን እንደበዛ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን በር ላይ አስጥዬ ነው ለካ እንደ አዲስ የማስተምራቸው።

ማክሰኞ እያንዳንዱ ልጅ 12 ቆርኪ ይዞ እንዲመጣ አደረግኩ። አስራ ሁለትን የመረጥኩት ግማሹም፣ ሲሶውም፣ እርቦውም ሳይሰበር ስለሚወጣ ነው፤ በአስር ቢሆን ሲሶው ላይ ገና እንቆማለን። ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። እኔ «ሲሶ!» ስል አንዱ አራት ቆርኪ ለይቶ ያወጣል፣ ሌላው ይቆጥርበታል። «ሁለት ሲሶ!»፣ «ሦስት እርቦ!» እያልን ሄድን። ቀድሞ ላወጣ ብቻ ነጥብ መስጠት አልወድም፤ ቀስ ብለው የሚያስቡት ልጆች በሦስተኛው ዙር እጃቸውን ይሰበስባሉ። ስለዚህ የጓደኛውን ስህተት አግኝቶ በትክክል ላስረዳም እኩል ነጥብ አለው። የክፍሉ ዝምተኛ ልጅ በዚህ በኩል ነው ያሸነፈው።

ከዚያ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው አልኳቸው። ደብተር ላይ ቢሆን መልሳቸውን አውቀዋለሁ፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይሉኛል። አሁን ግን ስድስት ቆርኪና አራት ቆርኪ ፊታቸው ነው። አስር ከአስራ ሁለት። አንዷ ሁለት ሁለቱን አጣምራ «ከስድስት ጥንድ አምስቱ» አለች። እኔ 2/5ን ሰሌዳው ላይ ጽፌ «ይሄስ?» ስላቸው ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እሱማ ግማሽም አይሞላ! ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ያንሳል?» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ረቡዕ ደግሞ ሳላቅድ የመጣ ነገር ነበር። ስለ አንድ አስረኛ ስናወራ አንዱ «አሥራት ነው» አለ፤ ወዲያው ጎኑ የተቀመጠው «የእኛም ዘካ አለ» ብሎ ቀጠለ። በዝናብ የበቀለ እህል ከአስር አንድ፣ በመስኖ ደክመው ያጠጡት ግን ከሃያ አንድ እንደሚወጣለት ከአባቱ ሰምቷል። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ልጆች አንድ ወንበር ላይ መቀመጣቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ የሂሳብ ክፍለ ጊዜን ይዘው ሲሄዱ ግን የመጀመሪያዬ ነው። «የመስኖው ለምን ከሃያ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ስለለፋበት ትንሽ ነው የሚሰጠው» አለች አንዷ። ሃያ ከአስር ስለሚበልጥ 1/20 ይበልጣል ያለ አንድም ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ሜዳ ወጣን። ከሰንደቁ እንጨት እስከ ባሕር ዛፉ ገመድ ወጠርን፤ በእኔ እርምጃ 12 እርምጃ ነው። ሰንደቁ ዜሮ፣ ዛፉ አንድ። ካርድ አደልኳቸው፤ ሁሉም ቁጥሩን ይዞ ቦታውን ፈልጎ ይቁም። ጩኸቱ አይነሳ። 1/2 የያዘችው ልጅ መሃል ላይ ቆማለች፤ 2/4 የያዘው መጥቶ ይገፋታል። «ቲቸር፣ ቦታዬን ቀማኝ!» «እሷ ናት የቀማችኝ፤ የእኔ ነው!» ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ከባዱ ሥራ ነው። ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። አንዴ አጠፉት፣ መሃሉን በጠመኔ ቀቡት። ድጋሚ አጠፉት፣ አራት ሆነ፤ ሁለት ቆጠሩ፤ ያው የጠመኔው ምልክት ላይ ደረሱ። ልጁ ካርዱንም ልጅቷንም አየና «እና አንድ ነን?» አለ። ሳይነገራቸው 3/6 እና 6/12 የያዙትም መጥተው ከኋላቸው ተሰለፉ። አቻ ክፍልፋይ ማለት ይሄ ሰልፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ሊደወል ሲል አንዲት ካርድ ያልደረሳት ልጅ መጣች። በእርቦውና በሲሶው መካከል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እርምጃ መሃል ገብታ ቆመች። «እዚህስ ሰው አለ ቲቸር? እኔ ስንት ነኝ?» ተደወለ። ነገ ብያታለሁ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ክር ዘርግቼ 24 ቦታ ከፋፍዬዋለሁ። እርቦው ስድስተኛው ላይ ወደቀ፣ ሲሶው ስምንተኛው ላይ፣ እሷ ሰባተኛው ላይ። ነገ የምወስድላት ካርድ ግን ባዶውን ነው፤ ከክሩ ጋር።