ይሄን አፕ ለመዝጋት ስንት ቢከፈለኝ እስማማለሁ?

ስለ ሶሻል ሚዲያ ምክር ሲሰጥ ሁሌ የሚመጣው ያው "ራስህን ግዛ"፣ "ቆራጥ ሁን" ምናምን ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ነገር ማንበብ ስለምወድ በዋጋ በኩል ልሞክረው አልኩ። ለራሴ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው፣ ይሄን አፕ ለአራት ሳምንት ዝጋ ብባል ትንሹ ስንት ቢከፈለኝ ነው እሺ የምለው?

ጥያቄው የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ በፊት እነ ሀንት ኦልኮትና ማቲው ጄንትዝኮ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ሰዎችን ይሄንኑ ጠይቀው፣ ከፊሎቹን እየከፈሉ ፌስቡካቸውን ለአራት ሳምንት አዘግተዋቸዋል። የዘጉት በቀን 60 ደቂቃ ገደማ ተረፋቸው፣ ትንሽ ደስ ደስ አላቸው፣ የዜና እውቀታቸው ግን ቀነሰ። ክፍያው ካለቀ በኋላም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አልተጠቀሙም።

እኔ ግን "ሶሻል ሚዲያ" ብዬ በጅምላ አልጠየቅኩም፣ እያንዳንዱን አፕ ለየብቻ ነው ዋጋ ያወጣሁለት፣ እና ይሄን ብቻ እንኳ ብታደርጉ ብዙ ነገር ታያላችሁ። ሰአቴን ሙልጭ አድርጎ የሚበላው የቪዲዮ አፕ በጣም ርካሽ ሆኖ ተገኘ፣ ለትንሽ ገንዘብ እዘጋዋለሁ። ለአፍታ ገብቼ የምወጣበት የቤተሰብ፣ የጓደኛና የስራ ግሩፕ ያለበት አፕ ደሞ ዋጋው አይቀመስም። ሰው የሚያደርገው የሚወደውን ነው የሚለው የድሮ የኢኮኖሚክስ ግምት እዚህ ጋር ነው የሚንገዳገደው፣ ብዙ ሰአት የማጠፋበት ነገር ብዙ የምፈልገው ነገር ቢሆን ኖሮ የሰአቱና የዋጋው ዝርዝር መግጠም ነበረባቸው። ኦልኮት፣ ጄንትዝኮና ሊና ሶንግ በ2022 ባወጡት ጥናት ከሶሻል ሚዲያ አጠቃቀም 31 በመቶው ራስን ካለመግዛት የሚመጣ ነው ብለው ገምተዋል። የኔ እንኳን ከዛም ሳይበልጥ አይቀርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የነካሁት ርካሹን ነው። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ሌብሰን በ1997 የጻፈው ነገር አለ፣ ሰው አሁን የሚያገኛትን ትንሽ ነገር ከልክ በላይ ያገዝፋታል፣ ስለ ነገ ሲወስን ግን ረጋ ይላል። በዚህ መሰረት የሰአት ገደብን ሁሌ ለነገ ነው የምሞላው፣ የመክፈቻውን ኮድ ደሞ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። አፑንም አጥፍቼ በብራውዘር ብቻ፣ በየጊዜው ሎግ አውት እያደረግኩ እገባለሁ። ፓስወርድ መጻፍ ሞኝ ነገር ይመስላል ግን እጄ ሳላስበው የሚከፍተውን ነገር ያስቆመዋል። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሲሰራ ያጠፋው ይህንኑ ነው፣ የገጹ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ "ልቀጥል ወይስ ይበቃኛል" የምትሉባትን ትንሽ ቦታ። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን ገና በ1971 መረጃ ሲበዛ የሚያጥረው ትኩረት ነው ብሎ ነበር፣ የነዚህ ካምፓኒዎች ዋና ገቢ ደሞ ማስታወቂያ ስለሆነ እቺ የመወሰኛ ቦታ ለነሱ ኪሳራ ናት። ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግ የሚባለውንም ሞክሬዋለሁ፣ ለኔ ምንም አልሰራም።

ውዱ አፕ ግን በዚህ አይነት ነገር አይነካም፣ ምክንያቱም ውድ ያደረገው ይዘቱ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። እነ ሊዮናርዶ በርስቲን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ጠይቀው ያገኙትን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ተማሪዎቹ ሌላው ሰው እየተጠቀመ እነሱ ብቻቸውን ለአራት ሳምንት እንዲወጡ ለቲክቶክ 59፣ ለኢንስታግራም 47 ዶላር ገደማ ይከፈለን አሉ። እነሱን ጨምሮ ሁሉም አብሮ የሚዘጋ ከሆነስ ሲባሉ በአማካይ ራሳቸው ሊከፍሉ ተዘጋጁ፣ 28 እና 10 ዶላር! ማለት አፑን የሚጠሉትም ሰዎች አፑ ላይ አሉ፣ ሌላው ስላለ። ይሄ ደሞ የአንድ ሰው ቆራጥነት የሚፈታው ችግር አይደለም።

እኔም ጓደኞቼን "እንውጣ" አላልኳቸውም፣ እንደዛ ብል ማንም አይሰማኝም ነበር። ያልኳቸው ቀጠሮና ቁምነገር በቴክስት ይሁን፣ ቀልዱና ቪዲዮው እዛው ይቅር ነው። አንዳንዱ ወዲያው እሺ አለ፣ አንዳንዱ ምን አስጨነቀህ ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን ቀጠሮ የሚያወጡት ሰዎች ከተስማሙ ሌላው መከተሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ማባበል የሚያስፈልገው እነሱን ነው። ከዛ በኋላ ዋጋውን እንደገና ስጠይቅ በግማሽ ወርዶ አገኘሁት። የስራው ግሩፕ ግን እስካሁን አልቀነሰም፣ እሱን ትቼዋለሁ፣ ኖቲፊኬሽኑን ብቻ አጥፍቼ ስራ ሰአት ላይ ነው የምከፍተው። ለዜናው ደሞ ሶሻል ሚዲያው ባይኖር እውቀቴ እንደሚቀንስ ከጥናቱ ስላየሁ በኢሜይል የሚመጣ ዜና ተመዝግቤያለሁ፣ እሱ ቢያንስ መጨረሻ አለው።