ከ6 እስከ 8 ሰዓት መንገዱ የእኔ ነው

ብሬንግ የምትባል መንደር ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኩለ ቀን ደወለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የሹካ ድምፅ ነው። አንድ ቤት መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ሳህን ይንኳኳል፣ ሬዲዮ ያወራል፣ ቅቤ ላይ የሚበስል ሽንኩርት ይሸታል። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ድመት እንኳ የለም። ብስክሌቴን ግንብ ላይ አስደግፌ አንድ ሙዝ በላሁና ተነሣሁ። በቀጣዩ ሃያ ኪሎ ሜትር ያለፉኝን መኪኖች ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አራት ናቸው፣ አንዷ የፖስታ ቤት ቢጫ መኪና።

የፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ጸጥ ያለ መንገድ የት አለ እያላችሁ የምትጠይቁኝ፣ እባካችሁ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ጠይቁ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 አገሬው ማዕድ ላይ ነው። ትራክተሩ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ግንበኛው ባልዲውን አስቀምጦ ይሄዳል። ጠዋት መኪና የማያጣው መንገድ ድንገት ባዶውን ይቀራል።

ይህን ሰዓት እኔ ከሌላው ወገን ሆኜ ነው የማውቀው። ቱሉዝ ውስጥ የአንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በዚያ ሰዓት ዘይት ይንጫጫል፣ የትእዛዝ ወረቀት ይደረደራል፣ ቀና ብሎ ሰው የሚያይ የለም። ሰኞ ሰኞ ግን እንዘጋለን። ሰኞ በማለዳ ብስክሌቴን ክልላዊው ባቡር ላይ እሰቅልና ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዤ ፊዣክ እወርዳለሁ።

ፊዣክ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት የፈታው የሻምፖልዮን የትውልድ ከተማ ነው፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። ከቤቱ አጠገብ ባለ አደባባይ ጽሕፈቱን ለመፍታት የረዳው የሮዜታ ድንጋይ ግዙፍ ቅጂ መሬቱ ላይ በጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል። ሰው ፊደሉ ላይ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ፊደል መርገጥ አይሆንልኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብስክሌቴን ተሸክሜ በዳር በዳር ነው የምዞረው።

ከፊዣክ ስትወጡ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መኪና ይበዛባቸዋል፤ ታገሡ። ከዚያ ዴ 41 የሚባለውን የአውራጃ መንገድ ትይዛላችሁ። የሴሌን ወንዝ እየተከተለ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ሴሌ ሎት ወንዝ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይለየውም። ባንድ በኩል ወንዝና የዋልነት ዛፍ፣ በሌላው በኩል ነጭና ብርቱካን የተዥጎረጎረ ገደል። ኤስፓኛክ የምትባለው መንደር አሮጌ ገዳም አላት፤ የገዳሙ ስም የገነት ሸለቆ እመቤታችን ማለት ነው፤ የደወል ቤቱ ራስ በእንጨትና በሸክላ የተሠራ ስለሆነ ከሩቅ የርግብ ቤት ይመስላል። በዚህ በኩል ስፔን ወዳለችው ኮምፖስቴላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በእግር ያልፋሉ፤ ቦርሳቸው ላይ የባሕር ዛጎል ያንጠለጠሉት እነሱ ናቸው። ሴን ሱልፒስ ላይ ቤቶቹ ገደሉ ሥር ገብተው ተወትፈዋል፤ ለአንዳንዱ ቤት የኋላ ግድግዳው ራሱ አለቱ ነው። ማርሲያክ ደግሞ ጣራው የወደቀ ትልቅ ገዳም አለ፤ የመቶ ዓመት ጦርነት ተብሎ በሚጠራው ጊዜ የተጎዳ ነው፤ ፍርስራሹ ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጦ ዳቦ መብላት ይቻላል፣ ዳቦ ካለ።

ስለ ዳቦው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ካርታ።

ስልክ አለኝ፣ ግን መንገድ የምመርጠው በወረቀቱ የሚሽለን ካርታ ነው። ቀዩን መስመር ሽሹ፣ ቢጫውን ሲቸግራችሁ ብቻ፣ ነጩን ያዙ። መስመሩ ጎን አረንጓዴ ከተሰመረበት እይታው ያምራል ማለት ነው፤ በዚህ ካርታው ዋሽቶኝ አያውቅም። መስመሩ ላይ የቀስት ጫፍ ካያችሁ ዳገት ነው፦ አንድ ከሆነ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆኑ እስከ 13፣ ሦስት ከሆኑ ከዚያ በላይ። ሦስት ሳይ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፣ አላፍርም።

ሰዎች "የዴ መንገድ ቁጥሩ ሦስት አሃዝ ከሆነ ጸጥ ያለ ነው" ይሏችኋል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እኔም አምኜ አንድ ቀን ዴ 820 ውስጥ ገባሁ። ከባድ መኪናው ጎኔን ሲልሰው፣ ነፋሱ ወደ ራሱ ሲስበኝ፣ መሪዬን ጨብጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ ድሮ ከፓሪስ ወደ ስፔን የሚወስደው ኤን 20 የተባለው ታላቅ አውራ ጎዳና ነው! እ.ኤ.አ. በ2006 ማዕከላዊው መንግሥት ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ለየአውራጃው አስረክቦ ነበር፤ ያኔ ስማቸው ከኤን ወደ ዴ ተቀየረ። መኪናው ግን አልተቀየረም። ስለዚህ በ8 ወይም በ9 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ፣ የካርታውን ቀለም እዩ። ሴ የሚል ፊደል ያለው መንገድ ካገኛችሁ ግን የቀበሌ መንገድ እንደማለት ነውና ሳታመነቱ ግቡ፤ መሀሉ ላይ ሣር የበቀለበትም አለ።

ሹፌሮቹን ልወቅሳቸው አልችልም። ሕጉ ከመንደር ውጭ ብስክሌተኛን ሲያልፉ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቁ፣ መንደር ውስጥ ደግሞ አንድ ሜትር እንዲርቁ ያዛል፤ ገጠሩ ውስጥ አብዛኛው ያከብረዋል። ኩርባው እስኪያልቅ ከኋላዬ ቀስ ብለው ይከተሉኛል፤ እንዲያውም እኔ ነኝ የምጨነቀው። የእኔ ጠላት ጠጠር ነው። በጋ ላይ አስፋልት ሲያድሱ ሬንጅ ይረጩና ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበትናሉ፤ መኪናው ሲመላለስበት እንዲጠቀጠቅ ነው ሐሳቡ። መኪና የማይመላለስበት መንገድ ላይ ጠጠሩ ለሳምንታት እንደተበተነ ይቆያል። "ግራቪዮን" የሚል ቢጫ ሰሌዳ ካያችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አትጠምዝዙ፣ ዝም ብላችሁ ቀጥ በሉ። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚህ የተማርኩበት ነው።

ከሸለቆው ወደ ላይ ስትወጡ ኮስ የሚባለው ድንጋያማ አምባ ይመጣል። ሌላ አገር ነው፦ ደረቅ፣ ነጣ ያለ፣ አጫጭር የኦክ ዛፍ፣ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር፣ ያለ ምሰሶ የቆመ ክብ የእረኛ ጎጆ። በጎቹ ነጭ ሆነው ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ክብ አለው፤ መነጽር ያደረጉ ይመስላሉ። ብስክሌት ሲያልፍ ሁሉም ባንዴ ቀና ብለው ያያሉ፤ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ።

ወደ ፔሽ ሜርል ዋሻ የሚያስወጣው ዳገት ከካብርሬ መንደር ይነሣል፤ አጭር ነው፣ ግን ክፉ ነው። እዚያ ላይ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳልፈጥን እየተንፏቀቅሁ አትክልቱን የሚኮተኩት ሽማግሌ ቀና አለና "አሌ፣ ግርማይ!" ብሎ ጮኸ። ብንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የሦስት ቀን ፉክክር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ይህ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። ቆሜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ እሱ ኤርትራዊ ነው፣ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኳቸው። "ያው ጎረቤት ናችሁ" አሉኝ። ብስክሌቴን ካዩ በኋላ ደግሞ "እሱ ግን ይፈጥናል" አሉ። ዋሻውን ሌላ ቀን ገብቼበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ጎረምሶች ናቸው ያገኙት። የጥንት ሰዎች ግድግዳው ላይ የሳሏቸውን ነጠብጣብ ያለባቸውን ሁለት ፈረሶች ለማየት ቀድማችሁ ትኬት ያዙ፣ በቀን የሚያስገቡት ሰው ውስን ነው።

አሁን ዳቦው። ሰኞ ዕረፍቴ ነው ብያለሁ። የገጠር ዳቦ ጋጋሪም ብዙ ጊዜ ዕረፍቱ ሰኞ ነው። ይህን የተማርኩት አንድ ሙዝ ብቻ ይዤ በወጣሁበት ቀን ነው። ስሟን የማልጠቅሳት መንደር ስደርስ ዳቦ ቤቱ ዝግ፣ ቡና ቤቱ ዝግ፣ የዳቦ መሸጫ ማሽኑ ባዶ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኔ ጥቁር ነጥብ ማየት ጀመረ። የጦርነት መታሰቢያው ሐውልት ሥር ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ መንደር አንድ አለው ማለት ይቻላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918፣ የሞቱት ስም ተቀርጿል፤ የዚህኛው ሃያ ሰባት ስም አለው፣ አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ተደግሟል። ዙሪያውን ስመለከት መስኮቱ የተከፈተ ቤት የቆጠርኩት ዘጠኝ ነው።

ቢያንስ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያውቀው ምስጢር ይህ ነው፦ የመንደር መቃብር ውስጥ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለ፤ "ኦ ኖን ፖታብል"፣ የማይጠጣ ውኃ፣ ካላለ ይጠጣል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ አልታዘዝ ይለኝ ነበር፤ አሁን ኮፍያዬን አወልቄ፣ ነፍስ ይማር ብዬ እቀዳለሁ። የዚያን ዕለት አንዲት አሮጊት አበባ ሊያጠጡ መጥተው አገኙኝ። "ሙሲዮ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም" አሉኝ። አባቶቻችን ነጭን ሁሉ ሙሴ ይሉ የነበረው ከዚሁ ቃል ነው፤ እኔ ሙሴ ተብዬ ስጠራ ሣቄ መጣ፣ ግን ለመሣቅም አቅም አልነበረኝም። ዝም ብለው እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። የትናንት ዳቦ፣ ጨዋማ ቅቤ፣ የፍየል አይብ፣ አንድ ትልቅ ቲማቲም። ሰዓቱ 7 ተኩል ነበር። እሳቸው በልተው ጨርሰዋል፤ ግን እንግዳ ብቻውን አይበላም ብለው ይመስለኛል፣ አንዲት ቁራሽ አይብ ቆርሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ወጥ ቤት ነኝ ስላቸው ቲማቲሙን መልሰው ከእጄ ወሰዱና ዘይትና ጨው ጨመሩበት።

8 ሰዓት ሲሆን መኪናው ተመለሰ። ከቡዚዬስ ወዲያ ያለው የሎት ወንዝ መንገድ ሰፊ ነው፣ በነሐሴ ሴን ሲር ላፖፒ የምትባለውን መንደር ሊያዩ የሚጎርፉ ቱሪስቶች ይሞሉታል፤ ስለዚህ አላሞግሰውም፣ ጭንቅላቴን ደፍቼ ካኦር ከተማ ድረስ ጋለብኩ። ጠቅላላው ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

ማክሰኞ 6 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ ገባ፣ ሦስት ዳክዬና አንድ የቲማቲም ሰላጣ። ሰላጣውን እኔ ልሥራው አልኩ።